ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ዎከር፦ የአንድ የቤት ለቤት የነርስ አገልግሎት ግምገማ

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ እርጥቡ ሴራሚክ አዳልጧት በግራ ጎኗ ወደቀች። የታፋ አጥንቷ ከዳሌ መጋጠሚያው አጠገብ ስለተሰበረ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ብረት ገባላት። በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሟ የሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ቶሎ ትነሣ፣ በዎከር (አራት እግር ባለው የመራመጃ ድጋፍ) ትሂድ፣ ቁስሏም በጥንቃቄ ይያዝ። ሦስቱ በአንድ ላይ እንዴት እንደሚፈጸሙ ግን ከቤተሰባችን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ነርስ ወደ ቤት ከሚልኩና የሕክምና ዕቃም ከሚያከራዩ ድርጅቶች አንዱን ለሦስት ወር ቀጠርን። አንዲት ነርስ በየቀኑ ጧት ለሁለት ሰዓት ትመጣለች፤ ዎከር፣ ዊልቸር፣ የመጸዳጃ ወንበርና በአየር የሚሞላ ፍራሽ ደግሞ በወር ክፍያ ተከራየን።

የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ያየሁትን ጉድለት ለራሳቸው በአካል ነግሬአቸዋለሁ፤ ከዚያም በላይ አንባቢ የትኛውንም ድርጅት ቢጠራ ሊያጣራቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚሁ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ በሽተኛን በማንሣትና በማስኬድ ረገድ ያየሁት ሙያ ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ የሚያከራዩት ዕቃ ንጽሕና ግን አሳዝኖኛል። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች መጀመሪያ ላይ የተለያዩ ይመስሉኝ ነበር። የእናቴ እጅ በቀን ሃያ ጊዜ የሚጨብጠው የዎከሩ መያዣ ከእሷ በፊት የሌላ ሕመምተኛ መያዣ እንደነበረ ሳስተውል ግን አንድ ጉዳይ መሆናቸው ገባኝ።

ዎከሩን ያመጣው ሾፌር ነው፤ በር ላይ አስረክቦን፣ አስፈርሞን ሄደ። አሉሚኒየሙ ከሩቅ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ቀረብ ብዬ ሳየው የቀኙ መያዣ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የፕላስተሩ ጠርዝ በእጅ እድፍ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅም የብዙ ሰው ላብ የጠጣ ነው። ከአራቱ እግሮች የጎማ ጫማዎች የፊተኛው ቀኝ መሐሉ ተበልቶ ብረቱ ብቅ ብሏል። የኋለኛው ግራ እግር ደግሞ ከሌሎቹ በአንድ ቀዳዳ አጥሮ ስለተቆለፈ ዎከሩ ወለል ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። እኔ በዚያን ቀን ያየሁት መወዛወዙን ብቻ ነው፤ ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ላደርግበትም አስቤ ነበር።

በማግስቱ ጧት ሲስተር መጣች። እናቴን በእጅ አልጨበጠቻትም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ እማማ» አለችና የት መታጠብ እንደምትችል ጠየቀችኝ። የሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧው በዚያ ጧት ደርቆ ነበር። ከጀሪካን በጆግ ቀድቼ ሳፋ ላይ አስታጠብኋት። በሚወርድ ውሃ ብቻ ታጠበች፣ ሳፋው ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ እጇን አልነከረችም። መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ፣ በጣቶቿ መካከል፣ አውራ ጣቷን፣ የጥፍሮቿን ሥር በሳሙና አሸች። የዓለም ጤና ድርጅት በሳሙናና በውሃ ለሚደረግ የእጅ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ በአልኮል ለሚደረገው ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይላል፤ ሲስተር ያን ያህል ጊዜ ስትወስድ ጆጉን የያዘው እጄ ደከመው። ፎጣ አቀረብሁላት፤ አመሰግናለሁ ብላ ከቦርሳዋ ባወጣችው ወረቀት አደረቀች። የቤተሰብ ፎጣ የሁሉንም እጅ አንድ እንደሚያደርግ በኋላ አስረዳችኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ከመቅረቧ በፊት ዎከሩን አየችና «ይህን ከእማማ በፊት ማን ይዞት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም ነበር። ለድርጅቱ ደወለች፤ እነሱም አላወቁም።

ፕላስተሩን ልጣ ጣለችው፣ ስፖንጁንም ከመያዣው ላይ አወለቀችው። ስፖንጅ ውስጥ የገባ ላብና ቆሻሻ በውልወላ ስለማይወጣ መያዣው ሊታጠብ የሚችል ለስላሳ ጎማ ወይም ፕላስቲክ መሆን አለበት አለች። የተበላውን የጎማ ጫማ የሚተካ አዲስ ጎማ በዚያው ቀን ከሕክምና ዕቃ መደብር ገዛን። ጎማው ከአንድ የታክሲ ጉዞ ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ የተሰበረ እግር ይዞ በሴራሚክ ላይ የሚሄድን ሰው የሚያቆመው ግን እሱ ነው። ዎከር ወይም ክራንች የሚገዛም ሆነ የሚከራይ ሰው ዕቃውን ገልብጦ የእግሮቹን ሥር ሳያይ እንዳይፈርም እመክራለሁ።

ቀጥሎ የዎከሩን ልክ ማውጣት መጣ። እናቴ ገና መቆም ስለማትችል፣ ሲስተር የመጀመሪያውን ግምት የወሰደችው ከድሮ ከዘራዋና ከቁመቷ ነበር፤ ትክክለኛውን ልክ ግን ተደግፋ በቆመችበት ቅጽበት አየችው። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ወደ ታች ሲለቅ የዎከሩ መያዣ ከእጅ አንጓው መስመር ጋር መግጠም አለበት፤ መያዣውን ሲጨብጥ ክርኑ በመጠኑ፣ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከፍ ካለ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሰቀላል፣ ክንድም ኃይል ያጣል፤ ዝቅ ካለ ሰውዬው ጎብጦ ወደ ፊት ይወድቃል። የእኛው ዎከር ሲመጣ ለአንድ ረጅም ሰው የተስተካከለ ነበር። ሲስተር አራቱንም እግሮች በእኩል ወደ አምስተኛው ቀዳዳ አወረደች፤ እያንዳንዱ ቁልፍ «ቀጭ» ብሎ ከቀዳዳው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች አረጋገጠች። እኔም ልጆች ሲጫወቱ ቢነካኩት እንዳይጠፋ ቀዳዳዎቹን በእህቴ ጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁባቸው።

ክራንች ለሚጠቀም ሰው ልኩ ሌላ ነው፤ በብብቱና በክራንቹ ጫፍ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት፣ ክብደቱም የሚያርፈው በእጅ መዳፍ እንጂ በብብት ላይ አይደለም። ብብት ሥር የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን እጅ ይደነዝዛል። በየመንገዱ ክራንቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር አሁን ያመኛል።

የመጀመሪያውን መነሣት መቼም አልረሳውም። ሲስተር እናቴን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻትና ወዲያው አላስነሣቻትም። እግሮቿ ወለሉን ረግጠው ጥቂት ደቂቃ ተቀመጠች፤ «ይዞርብዎታል እማማ? ዓይንዎ ላይ ጨለማ ይመጣል?» እያለች ትጠይቃታለች። ብዙ ቀን የተኛና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአንዴ ሲነሣ ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ነጠላ ጫማዋን አስወልቃ ተረከዙ የተዘጋ ሸራ ጫማ አደረገችላት፤ እናቴ ቤት ውስጥ ሸራ ጫማ ማድረግን እንደ ነውር ቆጥራ ብታጉረመርምም እሺ አለች። ቀጥሎ የመጣው ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ሰፊ፣ ብረት ማያያዣና የእጅ መያዣ ያለው ቀበቶ ነው። ቀበቶውን የላከችልን አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት፤ ድርጅቱ እንዲህ ያለ ቀበቶ አያከራይም፣ ይህንንም እንደ ትልቅ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

እናቴ ቀበቶውን ስታይ «ልጄ፣ መቀነቴን ያዥ፤ እሱ ጠንካራ ነው» አለቻት። ሲስተር ፈገግ ብላ «መቀነትዎ ያማረ ነው እማማ፤ ግን ሲሳብ ቋጠሮው ይላላል፣ ወደ ደረትዎም ይሸሻል» አለችና ቀበቶውን ከልብሷ በላይ አሰረችላት፤ ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ድረስ አጠበቀችው። እኔ ልረዳ ብብቷ ሥር እጄን ላስገባ ስል ከለከለችኝ። የአረጋዊ ትከሻ በብብት ሲነሣ ሊወልቅ እንደሚችል፣ የሚያነሣውም ሰው ወገቡን እንደሚጎዳ ያን ዕለት ተማርሁ። በሆስፒታል ሳለን እኔና ወንድሜ ለስምንት ቀናት በብብቷ ነበር ስናነሣት የቆየነው። ሲስተር በተሰበረው በግራ በኩል፣ ጥቂት ወደ ኋላ ሆና ቆመች፤ እናቴ ዎከሩን ስባ ሳይሆን ፍራሹን በሁለት እጇ ገፍታ፣ ደረቷን ወደ ፊት አዘንብላ ተነሣች፤ ከቆመች በኋላ ነው እጆቿ ወደ ዎከሩ የሄዱት። ዎከርን ስቦ መነሣት ዎከሩን ራሱን ወደ ሰውዬው ይገለብጠዋል።

አካሄዱ ሦስት ነገር ነው፦ መጀመሪያ ዎከሩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ አራቱም እግሮቹ ወለሉን ሲረግጡ የታመመው እግር ይከተላል፣ በመጨረሻም ጤነኛው ይመጣል። እናቴ ይህን «ዎከር፣ ግራ፣ ቀኝ» እያለች እንደ ዳዊቷ በለሆሳስ ትደግመው ነበር። ለደረጃ ደግሞ ሲስተር ያስተማረቻት ጤነኛው እግር ቀድሞ እንዲወጣ፣ የታመመው ቀድሞ እንዲወርድ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት ይሞታል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ናቸው። ይህን ቁጥር ያነበብሁት እናቴ ከወደቀች በኋላ ነው፤ ቤታችንን በሌላ ዓይን ያየሁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሲስተር በሁለተኛው ቀን ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ሳሎኑ ወንበር ድረስ ራሷ ዎከሩን ይዛ ሄደችና የሚያደናቅፈውን ሁሉ አሳየችን። ጫፉ የተጠቀለለው ምንጣፍ ተነሣ። የቴሌቪዥኑ ገመድ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። በበሩ ደፍ ላይ ዎከሩ ተነሥቶ መሻገር ስላለበት እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሰው እንዲቆም ተስማማን። የጋቢዋ ጫፍ ከዎከሩ እግር ሥር እንዳይገባ እቤት ውስጥ ጋቢውን በሹራብ ቀየርንላት። ሌሊት የመጸዳጃ ወንበሩ ከአልጋዋ አጠገብ፣ በጤነኛው በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ትንሽ መብራትም ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። የገና ዕለት ግን አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። የወንድሜ ሚስት እንደ ወጉ ሳሎኑን ሁሉ ቄጠማ ጎዘጎዘችው፤ እናቴ ከመኝታ ቤት ስትወጣ የዎከሩ ጎማ እርጥቡ ቄጠማ ላይ አርፎ እንደ ሳሙና ሸተት አለ። ሲስተር ቀበቶዋን ይዛ ስለነበር አልወደቀችም። ገናን ያለ ቄጠማ እንድናከብር አልጠየቀችንም፤ ቄጠማውን ወደ ረከቦቱ በኩል ሰብስባ ከአልጋው እስከ ወንበሩ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባዶ መንገድ አወጣች። በጥምቀትም፣ ጠበል በተረጨ ቀንም ያንኑ መንገድ በደረቅ ጨርቅ እየወለወልን ጠበቅነው።

እናቴ ከሆስፒታል የወጣችው ካቴተር (ሽንት ከፊኛ የሚያወጣ ቱቦ) ገብቶላት ነው። ሰው ሲተኛ የሽንት ከረጢቱ አልጋው ጎን ይንጠለጠላል፤ ሲራመድስ? እኛ ከረጢቱን ዎከሩ መያዣ ላይ ሰቅለነው ነበር፤ ሲስተር እንዳየችው ወዲያው አወረደችው። ከረጢቱ ከፊኛ በላይ ሲሆን የወረደው ሽንት ተመልሶ ይገባል፣ ተህዋስያኑንም ይዞ ይሄዳል። በዎከሩ የታችኛው አግዳሚ ብረት ላይ፣ ከፊኛዋ በታች ሆኖ ወለሉን እንዳይነካ፣ ቱቦውም እንዳይጠመዘዝ አድርጋ አሰረችው። በየጧቱ ለሐኪሙ እየደወለች ካቴተሩ የሚወጣበትን ቀን ትጠይቅ ነበር፣ ምክንያቱም በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽን ዕድሉ ይጨምራል። በአራተኛው ቀን በሐኪሙ ትእዛዝ ወጣ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ እመጣለሁ። እሑድ እሑድ ሲስተር ስለምታርፍ ድርጅቱ ሌላ ነርስ ይልክ ነበር። በሁለተኛው እሑድ የመጣችው ነርስ ትሑትና ታታሪ ነበረች። በር ላይ እንደገባች ጓንት አደረገች፤ እኔም ተጠነቀቀች ብዬ ደስ አለኝ። በዚያው ጓንት የመኝታ ቤቱን በር ከፈተች፣ ዎከሩን ገፋ አደረገች፣ የአልጋውን ትራስ አስተካከለች። ስልኳ ጮኸ፤ ከኪሷ አውጥታ አነጋገረች፣ መልሳም ከተተችው። ከዚያ የቁስሉን ፋሻ ፈታች፣ በዚያው ጓንትም ጎዙን ይዛ ልትጠርግ ጎንበስ አለች። በትሕትና አስቆምኋት፤ ቅር ሳትሰኝ ጓንቱን ለወጠች፣ እጇን ግን አልታጠበችም።

ጓንት እጅን አይተካም። ጓንቱ ከመደረጉ በፊትና ከወለቀ በኋላ እጅ መጽዳት አለበት፤ የነካካውን ሁሉ ወደ ቁስል የሚያደርስ ጓንት ደግሞ ካልታጠበ እጅ አይሻልም፣ እንዲያውም የለበሰውን ሰው ያዘናጋዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቶ አስቀምጧል፦ በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ፋሻ እንደ መቀየር ያለ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከደም ወይም ከሌላ የሰውነት ፈሳሽ ጋር ከተነካኩ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፣ በበሽተኛው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። አምስተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ ዎከሩ፣ የአልጋው ጠርዝ፣ የዊልቸሩ ክንድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕመምተኞች 15ቱ፣ በበለጸጉት ደግሞ 7ቱ ሕክምና ላይ ሳሉ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። የእሑዱን ነገር ሰኞ ዕለት ለቀጠርነው ድርጅት ስነግራቸው አስተባባሪዋ በጥሞና ሰማችኝ፤ በሚቀጥለው እሑድ የመጣችው ያችው ነርስ አልኮል በኪሷ ይዛ መጣች፣ ስልኳንም በር ላይ አኖረችው። የእናቴም ቁስል ሳይመረቀዝ ዳነ። ስሕተትን ሲነገራቸው የሚያርሙ ሰዎች ናቸው፤ ይህን መመስከር ግዴታዬ ነው። የከፈልነው ግን ቤተሰቡ እንዲቆጣጠራቸው አልነበረም።

የዕቃው ጉዳይ ከዚህም ይከፋል፣ ምክንያቱም ማንም የራሴ ነው ብሎ የያዘው ሥራ አይደለም። ድርጅቱ ዎከሩን ሲመልሱለት በደረቅ ጨርቅ እንደሚወለውለው አስተባባሪዋ ራሷ ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴሜልቫይስ የተባለው ሐኪም አስከሬን መርምረው ወደ ወላዶች የሚገቡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ የእናቶች ሞት በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ዛሬ በየሱቁ በረኪና ተብሎ የሚሸጠው የዚያ ክሎሪን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ነርስ ለሚልክ ድርጅት ከዚህ የቀረበ መድኃኒት የለም።

ሲስተር ዎከሩን ያጸዳችበትን መንገድ በዝርዝር ልጻፈው፣ ማንም ቤት ሊሠራው ይችላልና። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ስለሚጨርሰው መጀመሪያ ሁሉም ነገር በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይለቀለቃል። ከዚያ በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል፤ አንድ ስኒ በረኪና ከሆነ ዘጠኝ ስኒ ውሃ ማለት ነው። በዚህ የተነከረ ጨርቅ መያዣውን፣ አግዳሚ ብረቶቹን፣ ቁልፎቹንና የጎማ ጫማዎቹን አርሶ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፤ ካልተለቀለቀ ክሎሪኑ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ጎማውንም ያደርቀዋል። ውህዱ ብርሃንና ጊዜ ስለሚያደክሙት በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጣል፣ ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በየዕለቱ ደግሞ መያዣው ብቻ በ70 በመቶ አልኮል ይወለወላል። የሚያስፈልገው ሁሉ ሳሙና፣ ውሃ፣ በረኪናና ሩብ ሰዓት ነው። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ሳይሠራ አንድ ዎከር ከአንዱ በሽተኛ መዳፍ ወደ ሌላው መዳፍ መሄዱን ልቀበለው አልችልም።

ስለ ቀሩት ዕቃዎች ባጭሩ። ዊልቸሩ ጥሩ ነበር፤ ፍሬኑ ሁለቱንም ጎማዎች ይይዛል፣ የእግር ማሳረፊያዎቹም ወደ ላይ ይታጠፋሉ። ሰው ወደ ዊልቸር ሲገባም ሲወጣም ፍሬኑ መያዝ፣ ማሳረፊያዎቹም መታጠፍ አለባቸው፣ አለዚያ በሽተኛው ማሳረፊያው ላይ ቆሞ ከነወንበሩ ይገለበጣል። በአየር የሚሞላው ፍራሽ የአልጋ ቁስልን ለመከላከል ጠቅሟል፤ ሆኖም ፓምፑ በመብራት ስለሚሠራ መብራት በጠፋ ቁጥር አየሩ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ድርጅቱ ይህን አስቀድሞ አልነገረንም። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስንነቃ እናቴ ፍራሹ ውስጥ ሰምጣ አገኘናት። ፍራሹ ቢኖርም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡን አላቋረጥንም፤ ተረከዟም በትራስ ከፍ ብሎ ከፍራሹ ሳይነካ ይቆይ ነበር።

ጠያቂዎችን በሚመለከት የሲስተር ብልኀት ከሙያም በላይ ነበር። የእኛ ሰው ታማሚን ይጎበኛል፣ ይስማል፣ አልጋው ላይ ይቀመጣል፤ ይህን መከልከል እናቴን በሕይወት ሳለች እንደ መቅበር ነው። ሲስተር አልከለከለችም። በሩ አጠገብ አልኮል አኖረችና ለመጣው ሁሉ «እማማን ሊጨብጡ ነው? እንግዲህ ትንሽ ለእጅዎ» እያለች ታቀርብ ነበር። ከአልጋው አጠገብ ሁለት ወንበር ስላኖረች ማንም አልጋው ላይ አልተቀመጠም። ጉንፋን የያዘው ከበሩ ሆኖ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ተመለሰ፣ ቅር የተሰኘም አልነበረም።

ክፍያው ቀላል አይደለም። የዎከሩ የወር ኪራይ የአዲሱን ዋጋ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሆነ ከአምስት ወር በላይ ለሚያስፈልገው ሰው መግዛት ይሻላል፤ ዊልቸርና የአየር ፍራሽ ግን መከራየት ያዋጣል። ድርጅቱን የሚጠራ ሰው ከመፈረሙ በፊት ዕቃው መቼና በምን እንደታጠበ፣ የሚላከው ነርስ ቀበቶ ይዞ ይመጣ እንደሆነ፣ የእሑዱ ተተኪ ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ለነርሶቹ የማንሣትና የማስኬድ ሥራ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለዕቃው አያያዝ ከሁለት በላይ መስጠት አልችልም።

እናቴ አሁን በከዘራ ትሄዳለች፤ ከዘራውንም ሲስተር እንዳስተማረቻት ከተሰበረው እግር በተቃራኒ፣ በቀኝ እጇ ትይዘዋለች። ዎከሩን ለመውሰድ ያው ሾፌር መጣ። ከማስረከቤ በፊት በሳሙና አጥቤ፣ በበረኪና ወልውዬ፣ አድርቄ፣ ቀኑንና የተቀየረውን ጎማ የጻፍሁበት ወረቀት በክር አግዳሚው ላይ አስሬበት ነበር። ወዴት እንደሚወስደው ጠየቅሁት፤ «ቀጥታ ወደ ሌላ ታማሚ ቤት ነው» አለኝና ከጭነቱ ላይ፣ ከሌላ ቤት ከመጣ ያልታጠበ ፍራሽ በላይ አጋደመው። አውጣው አልሁት። ወረቀቱን አነበበ፣ ዎከሩን አነሣውና ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አቁሞት ሄደ።